የዳንጉኦሌ ዓሦች

ሠላሳ አንድ ዓመት በክላይፔዳ ወደብ
ከክሬን ማማ ላይ እንደ ሌሊት ዘብ፣
በሁለት አጭር ዘንግ፣ በትንሽ ግፊት፣
አርባ ቶን ሲያሳርፍ እንደ እንቁላል ቅርጫት
የኖረው ቪድማንታስ ጡረታ ወጣና
(ጉልበቱ እንጂ ጣቱ አልደከመምና)
ዛሬም ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ጆይስቲክ ነው፣
መኪናው የጌም ነው፣ ጭነቱም የሌለ ነው።

ከሌሊቱ ሰባት። የባልቲክ ነፋስ
መስኮቱን ሲጎስም፣ ሲሄድ ሲመለስ፣
እሱ ቁልቁለት ላይ፣ በጭጋግ በዝናብ፣
ሃያ ሁለት ቶን ግንድ ከኋላው ሲሳብ፣
ፍሬኑን ነካ አርጎ፣ ማርሹን ቀንሶ፣
ልክ መሪውን ሲያዞር ምላሱን ነክሶ፣
ጨለማ።
ከጨለማው ዓሣ።
አንድ ብርቱካናማ፣ ሁለት ቢጫ፣
ማንንም ሳያዩ፣ አረፋ እየተፉ፣
ገደል በነበረበት በቀስታ አለፉ።
ከጀርባቸው ብረት ሲጨራመት ተሰማ።
ሃያ ሁለት ቶን ግንድ ከዓሦቹ ጋር ባሕር ገባ።

ማሽኑ የሚቆጥረው ኪቦርድና ማውስ ነው፤
እነሱ ካልተነኩ ለሱ ቤቱ ኦና ነው።
ሰውየው ግን አለ።
ላብ አጥምቆት አለ፤
ወንበሩ ላይ ወደ ግራ አዘንብሎ አለ፣
ገላው ሲያጋድል መኪናው የሚዞርለት ይመስል።
"አለሁ እኮ!" ይላል፤ ያስከትላል ስድብ፣
እንኳን ትንሽ ዓሣ የሚያሰጥም መርከብ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም።
ድሮ ዳንጉኦሌ ከጎኑ ተቀምጣ
የጋዜጣውን የቃላት እንቆቅልሽ ስትሞላ፣
በየአራት ደቂቃው
በእርሳሷ ጫፍ ማውሱን ነካ፣
አንገቷን ሳታነሳ።
"ተይው እስቲ" ይላት ነበር፣
እጇ ሥራ አጥቶ የሚቅበጠበጥ መስሎት።
ሦስት ክረምት አብረው ሲያመሹ
ኮምፒውተሩ ዓሣ እንዳለው አላወቀም።
የመጀመሪያዋ ቢጫ የመጣችው
ከቀብሩ በዘጠነኛው ቀን ነው።

ከአራተኛ ፎቅ፣ አውስቴያ የምትባል
የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ "ይኼማ ይቀላል፤
ሴቲንጉ ይከፈት" አለች፣ ብስኩት እያኘከች።
"አምስት ደቂቃ ነው የተሞላው። ማን ሞላው?"
ዝም አለ።
"እንግዲያው 'በፍጹም' የሚለውን ልጫነው?"
በፍጹም።
ይህን ቃል በጥቅምት፣ ኮሪደር ላይ ቆሞ፣
ከሐኪም ሰምቶታል፣
አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ።
"ተይው" አላት።

ልጅ መላ አታጣም። "የእጅ ሰዓት አለዎት?
የጥንት፣ ሰከንድ ቆጣሪዋ የምትዞር ዓይነት?"
መሳቢያ ተከፈተ። ማሰሪያዋ የተላጠ፣
መስታወቷ ጥግ ላይ በጥቂቱ የተሰነጠቀ
የሴት ሰዓት። ቁልፏን ሞላት፤ ሄደች።
ጠረጴዛው ላይ አጋደሟት፣ ማውሱን ከላይ አሳረፉ።
ከሥሩ ያለው ቀይ ብርሃን
ያች ቀጭን ዘንግ ባለፈች ቁጥር
እጅ ነው ብሎ ያምናል።
"ግን በቀን ስድስት ደቂቃ ትዘገያለች" አለ ሽማግሌው።
"ምን ቸገረው? መዞሯን እንጂ
ልክ መሆኗን አይጠይቅም።"

ያን ሌሊት ግንዱ ደረሰ።
የሌለ መጋዘን በር ላይ አራገፈ፣
የሌለ ገንዘብ ተከፈለው።
ሞተሩን አጠፋ። ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አኖረ።
ከወደቡ በኩል አንድ ክሬን፣ የሌላ ሰው ክሬን፣
ሲንቀጫቀጭ ይሰማል።
ከዚያ ማውሱን በሁለት ጣት አነሣና
ሰዓቷን ወደ ጆሮው አስጠግቶ
አምስት ደቂቃ ቆጠረ።
ዓሦቹ መጡ።
ቢጫዋን "ዘገየሽ" አላት።